የቢሮ የፅዳት ቀን፦ ዓመቱ ከመለወጡ በፊት እንዴት እናዘጋጀው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት የፅዳት ቀን አደረግን። ሁሉም ቱታውን ለብሶ መጣ፣ አሮጌ ወረቀት በማዳበሪያ እየታጨቀ ወጣ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ተለጠፈ፣ ደስ አለን። በሳምንቱ አንዷ ባልደረባችን ከበር ላይ የገዛችውን ቆሎ ጨርሳ ወረቀቱን ስትዘረጋው የኛው ፔሮል ሆኖ አገኘችው። ስም ከነአባት፣ ደመወዝ፣ የብድር ተቀናሽ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ። ሰፈሩ ውስጥ ስንት ሰው የኛን ደመወዝ እያነበበ ቆሎ እንደቆረጠመ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ የፅዳት ቀን ሲዘጋጅ እኔ ነኝ የምጠራው። አንዳንዴ በቀልድ፣ አንዳንዴ በምር። የተማርኩትን እነሆ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። መጥረግና መወልወል ችግር ሆኖ አያውቅም። የፅዳት ሠራተኞቻችን እኛ ሳንገባ ጠዋት ጠዋት ይሠሩታል። እነሱ ሊነኩት የማይችሉት ግን አለ፦ ኮሪደሩ ላይ 4 ዓመት የቆመው የተሰበረ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር የተከመረው ፋይል፣ ከሥራ የለቀቀው ሰውዬ መሳቢያ። ቢጥሉት ነገ «የት አደረግሽው?» ተብለው ይጠየቃሉ። ስለዚህ ዙሪያውን ጠርገው ያልፋሉ፤ አቧራውም ከሥሩ ይኖራል። የፅዳት ቀን የሚከሽፈው መጥረጊያ ጠፍቶ አይደለም፤ «ይሄ ይጣል ወይስ ይቀመጥ?» ሲባል የሚመልስ ሰው ጠፍቶ ነው።

አንደኛ፦ የሚወስን ሰው ያዙ

ከሦስት ሳምንት በፊት ኃላፊው ጋ ገብታችሁ የምትጠይቁት ገንዘብ አይደለም፤ ሰው ነው። ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ቆሞ «ጣሉት» ወይም «አትጣሉት» ማለት የሚችል፣ ፊርማው የሚሠራ ሰው። እራሱ ኃላፊው ቢሆን ደግ ነው፤ ካልሆነ ምክትሉ ወይም የአስተዳደር ክፍሉ ሰው፣ በጽሑፍ ተወክሎ። ከጎኑ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፦ አንድ ከፋይናንስ፣ አንድ ከንብረት ክፍል።

የንብረት ክፍሉን ሰው ሳትይዙ አትነሱ። ቁጥር የተለጠፈበት ነገር ሁሉ፣ የተሰበረ ጠረጴዛም ቢሆን፣ በመዝገብ ላይ በሕይወት ያለ ንብረት ነው። በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) የገባ ዕቃ እንዲሁ በባዶ ሜዳ አይወጣም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነማ ንብረት የሚወገድበት የራሱ ሥርዓት አለ፤ ኮሚቴ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ጨረታ ሊኖር ይችላል። ይሄ በአንድ ጠዋት አያልቅም። የፅዳት ቀኑ ሥራ እንዲህ ያሉትን ዕቃዎች አንድ ቦታ ሰብስቦ ዝርዝራቸውን ለኮሚቴው ማስረከብ ብቻ ነው። «እኛ እንገላግላችሁ» ብላችሁ ወደ ውጭ ከወረወራችሁት ኦዲት ሲመጣ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛ፦ ቀን ቁረጡ

ሐምሌ አይሆንም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ፋይናንሶች በቆጠራና በሂሳብ ተወጥረው ሰላምታ እንኳ አይመልሱም። ግን የቆጠራው ዝርዝር ይጠቅማችኋል፤ የማያገለግለው ዕቃ እዚያ ላይ ተጽፎ ስላለ ኮፒውን ጠይቁ፣ ግማሽ ሥራችሁን ይቀንስላችኋል።

የኔ ምርጫ ከነሐሴ 20 በኋላ እስከ ጳጉሜ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ስለሚፈታ ምሳው አያስቸግርም፣ ሰውም ቤቱን ለበዓል ማጽዳት ስለሚጀምር እጁ ይፍታታል። ክረምቱ ያበላሸውም በግልጽ ይታያል፦ የቱ ግድግዳ ሻገተ፣ የቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ጳጉሜን እስከ መጨረሻው አትጠብቋት። 5 ቀን ናት፣ ልክ እንደ 2015ቱ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች፣ ለፅዳት ግን ያቺ ስድስተኛዋም አትደርስም። ደግሞ ደመወዝ የሌላት ወር ናት፤ የሠራተኛው ፊት ከወዲሁ ጠቁሯል።

ከሳምንቱ ቀናት ሐሙስን እመርጣለሁ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ናቸው፣ ዓርብ ደግሞ ሙስሊሞቹ ባልደረቦቻችን ለጁምዓ ይወጣሉ። ሰኞ ስብሰባ ነው። ሐሙስ ከሆነ ደግሞ ያላለቀው ነገር ለዓርብ ይተርፋል። ቅዳሜ የምትሉ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃለሁ። ቅዳሜ ሠራተኛው የራሱ ቤት፣ የራሱ ለቅሶ፣ የራሱ ማኅበር አለው። የቢሮ ፅዳት ሥራ ነው፣ በሥራ ቀን ይሠራ። ቅዳሜ ያለ ክፍያ አስመጥታችሁት እየተነጫነጨ የሚወለውለው መስኮት መስኮት አይሆንም።

ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30 በቂ ነው። አዲስ አበባ ላይ የነሐሴ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ደጅ የሚወጣው ሥራ ጠዋት ማለቅ አለበት። ምንጣፍ ማጠብን ግን ለጥቅምት ፀሐይ ተዉት፤ በነሐሴ የታጠበ ምንጣፍ እስከ መስቀል ይሸታል።

ሦስተኛ፦ አንድ ሳምንት ሲቀር ዙሩ

ስልካችሁን ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ፣ ፎቶ አንሱ። ከፅዳት ሠራተኞቹ ትልቋን አብረው እንዲዞሩ ለምኗቸው፤ «እትዬ፣ የትኛው ቦታ ነው የሚያስቸግርዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛው ቁምሳጥን ጀርባ አይጥ እንዳለ፣ የትኛው ሽንት ቤት ውኃው እንደሚመለስ፣ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ስንጠይቃቸው እትዬ በቀጥታ ወደ ማኅደር ክፍሉ ወስደው «እዚህ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ተቀይሯል» አሉን።

በዚህ ዙር የሻገተውን ግድግዳ ልብ በሉ። ሻጋታ ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ነው፦ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ተነስቶ ይሆናል። እሱ ሳይጠገን ግድግዳ መፈተግ ድካም ብቻ ነው። ጠጋኙን ከፅዳቱ ቀን በፊት ጥሩት።

አራተኛ፦ ዕቃ

የሚገዛው ብዙ አይደለም። በረኪና፣ ላርጎ፣ ኦሞ፣ ስፖንጅ፣ መወልወያ፣ ባልዲ፣ የጎማ ጓንት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ማስክ (ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ካርቶን የሌለው ቢሮ ካለ ይንገረኝ)። ለስላሳ ጨርቅ በብዛት፤ አሮጌ ቲሸርት የሚመጥነው የለም። ለመስታወት አሮጌ ጋዜጣ። ካርቶን፣ ፕላስተር፣ ወፍራም ማርከር። ለቆሻሻው ደግሞ ማዳበሪያ እንጂ ፌስታል አትግዙ፤ ፌስታል ወረቀት ሲሞላበት ይቀደዳል፣ በ2017 የፀደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም ፌስታልን የሚከለክል ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ውኃ። በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ የፅዳቱን ቀን ለማስታወቅ ከመቸኮል በፊት የፈረቃውን ቀን እወቁ። ዋዜማውን ሮቶው ይሙላ፣ ጀሪካኖችም ይሞሉ። 20 ሰው ጓንት አጥልቆ ባዶ ቧንቧ ከቦ ቆሞ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ ሳላይ ቀን አልናገርም። መብራትም እንደዚያው ነው። በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ዕቅድ አይኑራችሁ።

አምስተኛ፦ ዋዜማው

ሁሉም የየራሱን ጠረጴዛና መሳቢያ ዋዜማውን ከሥራ መውጫ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ያጽዳ። ይሄን ለቀኑ ካሳደራችሁት ጠዋቱ በሙሉ ሰው የድሮ ፎቶውን እያየ «ይሄን ታስታውሺዋለሽ?» ሲባባል ያልቃል። ጫማም ሆነ ሻይ ማንኪያ፣ የግል የሆነ ሁሉ ወደ ቤት ይሂድ።

ፍሪጁ ዋዜማውን ይነቀል። በሩ ላይ «ሐሙስ ጠዋት ያልተነሳ ምሳ ዕቃ ባለቤት የለውም» ብላችሁ ለጥፉ። ከልባችሁ መሆኑን እንዲያውቁ አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል።

ከዚያ ካርቶኖቹን አዘጋጁ። አራት ዓይነት ብቻ፣ በትልቁ የተጻፈባቸው፦ «ይቀመጥ»፣ «ይወገድ»፣ «ይቀደድ»፣ «ይታሰብበት»። አራተኛው ለክርክር ነው። የሚወስነው ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልወሰነ ዕቃው እዚያ ይገባል፣ ሥራው ይቀጥላል። ለዚህ ካርቶን ቀን ስጡት፤ እኛ ኅዳር 12 ጽፈንበታል። ኅዳር ሲታጠን በልጅነታችን ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያቃጥልበት ቀን ነው፣ በ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ነው ይባላል። እናንተ አታቃጥሉ፣ ፕላስቲክ ጭሱ መርዝ ነው። ቀኑ ግን ጥሩ ቀን ነው፤ ማንም አይረሳውም።

ስድስተኛ፦ ቀኑ ራሱ

በአራት በአራት ሰው ተከፋፈሉ። ክፍፍሉ በሥራ ክፍል አይሁን፤ ፋይናንሱ ከአይቲው፣ ሾፌሩ ከፕላኑ ይደባለቅ። ሰው የራሱን ክፍል ሲያጸዳ ለሁሉም ዕቃ ይራራል፣ የሌላውን ሲያጸዳ ዓይኑ ይገለጣል። ኃላፊውም ጓንት ያጥልቅ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካየ ሁሉም ቡና ፍለጋ ይሄዳል። የፅዳት ሠራተኞቹ ግን ያን ቀን የበላይ ናቸው፤ እነሱ ያዝዛሉ፣ እኛ እንፈትጋለን። «እኛ ቢሮውን እንይዛለን፣ እናንተ ሽንት ቤቱን ያዙ» የሚል ክፍፍል ከሰማችሁ እዚያው አስቁሙት።

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው። ጣሪያና የሸረሪት ድር፣ ከዚያ መደርደሪያ፣ ከዚያ መስኮት፣ ከዚያ ጠረጴዛ፣ ወለሉ መጨረሻ። ደረቅ አቧራ አታቡንኑ፤ ጨርቁ እርጥብ ይሁን፣ ወለል ላይ ውኃ ርጩ፣ መስኮት ክፈቱ። አስም ያለበት ሰው ደጅ የሚሆን ሥራ ይሰጠው፣ ለምሳሌ ምዝገባ። ከፍ ያለ ቦታ በመሰላል እንጂ ጎማ ባለው የቢሮ ወንበር አይወጣም። አዎ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሁሌም ግን አንድ ሰው ይወጣበታል።

ወረቀት፣ ዋናው ራስ ምታት

ፋይናንስ ያላየው ደረሰኝ አይጣልም። የሰው ሀብት ክፍል ያላየው የሠራተኛ ማኅደር አይጣልም። ውል፣ የግብር ወረቀት፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ፣ ዕድሜው ስንትም ይሁን «ይታሰብበት» ውስጥ ይግባ እንጂ በጥድፊያ አይወሰንበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብማ ጭራሽ በፅዳት ቀን አይወገድም፤ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሊተላለፍ የሚገባው ሊኖር ይችላል።

የሚጣለው በሁለት ይከፈል። ስም፣ ደመወዝ፣ የባንክ ቁጥር፣ ስልክ ወይም ፊርማ ያለበት ሁሉ «ይቀደድ» ውስጥ ይገባል። የወረቀት መቁረጫ ማሽን ካለ ደህና፣ ከሌለ ውኃ ያለበት በርሜል ውስጥ ነክራችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ነገ በዱላ አማስሉት። ገንፎ ይሆናል፣ ቆሎም አይጠቀለልበትም። የተረፈው፣ ማለትም ባዶ ወረቀት፣ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ የድሮ ካላንደር፣ ለቆራሌው ይሄዳል፤ በኪሎ ይገዛችኋል፣ ብሩም ለቡናው ይሆናል።

ወረቀት ይከብዳል። 500 ቅጠል ያለው አንዱ ደስጣ ብቻውን 2.5 ኪሎ ገደማ ነው፤ አሥሩ የሚያህል የታጨቀበት ካርቶን 25 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ካርቶኑን ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉ። ወገቡን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አይኑር።

ኮምፒውተርና ኤሌክትሪክ ነክ ነገር

ይሄን ለአይቲው ተዉለት ብዬ ላልፈው ነበር፣ ግን ሁሌ አንድ ትጉህ ሰው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል። ስክሪን በመስታወት ማጽጃ አይጠረግም፣ ሽፋኑን ይልጠዋል፤ ለስላሳ ጨርቅ በውኃ በትንሹ ነክሮ ጨምቆ መጥረግ ነው፣ ውኃው ስክሪኑ ላይ አይረጭም። ኪቦርድ ተገልብጦ ይራገፍ፣ ከዚያ ጨርቅ ላይ ጠብ ባለች አልኮል ቁልፎቹ ይጠረጉ። ከውስጡ የሚወጣውን ፍርፋሪ አይታችሁ አትደንግጡ።

የፕሪንተር ቶነር ከተደፋ ሙቅ ውኃ አታስጠጉት። ዱቄቱ በሙቀት የሚቀልጥ ነው፣ ልብስ ላይ ይጣበቃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል። በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉት፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ያረጀ ኮምፒውተር ከመውጣቱ በፊት ሃርድ ዲስኩ ይውጣ። ፋይሉን ዲሊት አድርገነዋል ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም፣ መልሶ የሚያወጣው ሰው ሞልቷል። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዕቃ) ባትሪ ሊድ (እርሳስ) አለበት፣ ረጅሞቹ የፍሎረሰንት አምፖሎች ደግሞ ሜርኩሪ አላቸው። ሳይሰበሩ በካርቶናቸው ለብቻ ይቀመጡ፣ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይደባለቁ።

ሽንት ቤትና ሻይ ቤት

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቀይ ጻፉልኝ፦ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ አይፈሱም። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። በረኪና ከአቼቶም ጋር አይሆንም፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃም ጋር አይሆንም። «ሁለቱ ሲደባለቁ ይበረታሉ» የሚል ሰው በየቢሮው አለ። አትስሙት። ከበረኪና ጋር ውኃ ብቻ፣ እሱም ቀዝቃዛ።

ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ገደማ የሚል በረኪና ከሆነ አንድ እጁን ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በጥብጡት። መጀመሪያ በላርጎ እጠቡ፣ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ በረኪናውን ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ቆዩ፣ በውኃ አለቅልቁ። ለሻገተ ግድግዳም ይሄው ይሠራል፤ ቀለሙን ሊያነጣው ስለሚችል መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩት። የተረፈውን ለነገ አታስቀምጡ፣ እያደር ይደክማል።

ፍሪጁን በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ ሽታውን ይወስዳል። የውኃ ማፍያው ውስጡ ነጭ ከሆነ ሎሚ ጨምቃችሁ አፍሉበት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይደፋ። ሲኒዎቹ ይቆጠሩ። ሲኒ የት እንደሚሄድ እስካሁን የደረስኩበት የለም።

ከበር መውጣት

ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ሁሉ ነገር ተጭኖ፣ ቆራሌው ሚዛኑን ይዞ በር ላይ ቆሞ፣ ጥበቃው «የመውጫ ወረቀት?» ይላል። ልክ ነው፣ ሥራው ነው። የሚፈርመው ሰው ምሳ ሄዷል። ዝናቡ ጀመረ። ስለዚህ የመውጫ ፈቃዱ ዋዜማውን ይዘጋጅ፣ ብዛቱ ብቻ ክፍት ይሁን፤ የሚወስነው ሰው ሁሉም ተቆጥሮ ሳያልቅ ከግቢ እንዳይወጣ ለምኑት። የወረዳው ቆሻሻ አንሺ ማኅበርም በዚያ ቀን እንዲመጣ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በተለመደው ቀናቸው ከሆነ ይሄን ሁሉ ማዳበሪያ አይችሉትም።

ከዚያ ቄጠማ ይጎዝጎዝ፣ ቡና ይፈላ። ዳቦው ቀድሞ ይታዘዝ። ንግግር አይደረግ፣ ሰው ደክሞታል።

እኛ ዘንድ ባለፈው ኅዳር 12 «ይታሰብበት» ካርቶኑን ከፈትነው። የማይታወቅ በር ሦስት ቁልፍ፣ የደረቀ ማህተም ቀለም፣ ባትሪው ያለቀ ግድግዳ ሰዓት፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ። ሰዓቱ ባትሪ ተገዝቶለት ተሰቀለ፣ ቁልፎቹ ተጣሉ። ነጠላ ጫማውም ሊጣል ሲል በፅዳቱ ቀን ጠዋቱን ሙሉ «ጣሉት፣ ጣሉት» ሲሉ የዋሉት ምክትል ኃላፊያችን አንስተው አዩት። «አንዱ ቤት አለ» ብለው ቢሯቸው ይዘውት ገቡ።